ከከሚሴ አልወጣም

ሎሚቱ በከሚሴዋ ትንሽ ጸሎት ቤት ተንበርክካ፣ የሽማግሌው መጋቢ እጅ አናቷ ላይ እስኪያርፍ ትጠብቅ ነበር። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የወንጌሉን ሥራ የምትረከበው እሷ ናት። መጋቢው እጃቸውን ሲዘረጉ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ቢሮ የመጡት ኃላፊ ጣልቃ ገቡ። «እህት ሎሚቱ፣ ለጸጥታው ሲባል አገልግሎቱ ወደ ኮምቦልቻ እንዲዛወር ተወስኗል። ይህን ለመፈጸም መጀመሪያ ቃል ግቢ።»

«ቃል አልገባም» አለች ካጎነበሰችበት ሳትቃና። «ተኩስ በነበረ ጊዜ ቤታቸው የደበቁን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እዚሁ ናቸው። እነሱ ሳይሸሹ እኔ ወዴት እሄዳለሁ?»

«እንግዲያው ሹመቱ ይቅር» አሉ ኃላፊው። የመጋቢው እጅ አናቷ አጠገብ ደርሶ ሲመለስ ታወቃት። ቢሆንም ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ያኔ ከኋላዋ የጉባኤው ሴቶች የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። አንድ ሻካራ መዳፍ አናቷ ላይ አረፈ፤ ሌላው ትከሻዋ ላይ፤ ከዚያ የሴቶቹ እጅ እየተደራረበ አንገቷን አከበደው። «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» አለች አንዷ በኦሮምኛ። «ጌታ ይባርክሽ» ብለው ሌሎቹ ተከተሏት።

«ይኼ ሥርዓት አይደለም፤ እጃችሁን አንሱ» አሉ ኃላፊው።

ጸሎቱ ቀጠለ። አንዲቷም እጇን አላነሳችም።