ከፊት ጎማው ስር

አባቱ ባወረሱት አሮጌ ባለሁለት ዲፈረንሻል መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። በአንደኛ ማርሽ እየታገለ ገደል አፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቷ ጋብ አለ። ሚስቱ ዘላ ወረደችና እንደ ልማዷ ከፊት ጎማው ስር ትልቅ ድንጋይ ወሸቀች። መኪናዋ ቆመች።

ላብ አጥምቆታል። መሪውን መልቀቅ ፈራ።

"ያዘ?" አላት።

"ይዟል።"

"እሰይ! አየሽ፣ እንደሷ ያለ ብረት ዛሬ የለም! በይ ቶሎ በሩን ክፈችልኝ።" የእሱ በር ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም።

በሩ አልተከፈተም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቁልቁል ሲያያት፣ ቁጢጥ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛለች።

"ባለፈው ለመኪናዋ ገዢ ሳመጣልህ" አለችው ቀስ ብላ፣ "ምን ነበር ያልከኝ?"