ቀኝ አፍንጫ፣ ግራ አፍንጫ

ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች የቀሩኝ አራት ጥርሶች ኦቾሎኒ ስቆረጥም ይርገፉ። ክሊት ሙሊንስ በዚያ እሁድ ከሰዓት፣ የቤዝቦል ጨዋታው ገና ሳይጋመስ፣ አፍንጫውን አርባ አንድ ጊዜ ጎርጉሮ ነበር።

"ገባ! አርባ ሁለት!" አለ ኦርቪል ታኬት እርሳሱን በምራቁ እያራሰ። "እስከ አንጓው!"

ኦርቪል ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሌላው የከተማችን የብራሽ ክሪክ ሰው ቤዝቦል ሊያይ ሲመጣ የሚመዘግበው ስንት ኳስ እንደተወረወረ፣ ስንቱ እንደተመታ ነው። ኦርቪል ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእያንዳንዱ ውርወራ ጎን የወርዋሪውን የክሊትን አፍንጫ ሲመዘግብ ኖሯል። ቀኙን ከጎረጎረ ወደ ቀኝ ያዘመመ ጭረት፣ ግራውን ከሆነ ወደ ግራ። ጣቱ ከአፍንጫ ወጥቶ አፍ ከገባ፣ ክብ።

"አንተ ሽማግሌ፣ የራስህን አፍንጫ ቁጠር!" አለችው ሃዘል። የክሊት እናት ናት።

"የእኔማ ባዶ ነው። የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ በዚህ ከተማ ቁፋሮ ያላቆመው ያንቺ ልጅ ብቻ ነው።"

ሃዘል ሳቀች፤ ዓይኗ ግን መሃላቸው ከተቀመጠው እንግዳ አልተነቀለም። እንግዳው ለትልቁ ሊግ ተጫዋች የሚመለምል ሰው ነው። ክሊት ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጎማ ይለጥፋል፤ በዚህ ዕድሜ መልማይ አንዴ ከመጣ ተአምር ነው፣ ሁለተኛ አይመጣም። ሃዘል ወንበሩን በመሐረቧ ጠርጋ ነበር ያስቀመጠችው።

መልማዩ አንገቱን ወደ ደብተሩ አሰገገ። "ምንድን ነው የሚጽፉት?"

ኦርቪል ደረቱ ተነፋ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

"ጌታው፣ ይሄ ሳይንስ ነው! ይዩት፣ ቀኙን ያዘ። ኳሷ አሁን ቀጥ ብላ እንደ ጥይት ትመጣለች።"

ቀጥ ብላ መጣች። መቺው ዱላውን ሲያወዛውዝ ኳሷ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ገብታ አርፋለች።

"አሁን ደግሞ ግራ። ትታጠፋለች።"

ታጠፈች። መቺው አየሩን መትቶ በቂጡ ተቀመጠ።

"እስቲ ይድገሙት" አለ መልማዩ።

ኦርቪል ስድስት ጊዜ ተነበየ፣ ስድስቱም ያዘለት። አንዱ በሠመረ ቁጥር፣ ልጅሽን ዛሬ ዳርኩልሽ እንደማለት፣ ሃዘልን በዓይኑ ይጠቅሳታል።

"የዚህ ሊግ መቺዎች ይሄን አያውቁም?"

"የኛዎቹ? ኳሷ በየት እንደምትመጣ በደብዳቤ ቢነገራቸው ፖስታውን ይስቱታል!"

መልማዩ አልሳቀም። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከአውቶቡሴ ጀምሮ! የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። መስኮቱ ላይ የለጠፈው አልለቅ ቢለን አውቶቡሱን ቀየርነው።"

"ማስተው አይቻልም?"

"እኔ ጣቱን በርበሬ ቀብቼው ነበር" አለች ሃዘል ፈጠን ብላ። "ላሰውና እንቁላል ጥበሽልኝ አለኝ።"

"አሰልጣኙም ሞክሯል" አለ ኦርቪል፣ ወሬው ጥሞት። "ጣቱን በፕላስተር ጠቀለለው። ያን ቀን የመጀመሪያዋ ኳስ የከንቲባውን ሆት ዶግ ከእጁ ነጠቀችው። ሁለተኛዋ እስከ ዛሬ እየተፈለገች ነው። ፕላስተሩ ሲፈታለት ወዲያው መድፍ ሆነ!"

መልማዩ ብዕሩን ከደነ።

"አባት፣ እኛ ዘንድ በየማዕዘኑ ካሜራ አለ። እርስዎ ያወቁትን ተጋጣሚ መቺዎች በሦስተኛው ቀን ያውቁታል።" ብዕሩን ኪሱ ከተተ። "ካልጎረጎረ ደግሞ መወርወር አይችልም።"

ተነሣ፣ ለሃዘል ባርኔጣውን አነሣላት፣ ደረጃውን ወረደ።

የኦርቪል እርሳስ አየር ላይ ቀረች። ዘጠኝ ዓመት የሳቀበት ጭረት ሁሉ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቷል። ቀኝ፣ ቀጥ። ግራ፣ እጥፍ። ቀኝ፣ ቀጥ። ገጹን ገለጠ፣ ሌላም ገለጠ። ምነው አንዷን እንኳ አሳስቼ በጻፍኳት ኖሮ፣ አለ በልቡ።

"ምን ሊገዛ ነው የሄደው?" አለች ሃዘል።

"ኦቾሎኒ።"

"እዚሁ አለ አይደል እንዴ?"

"ጨው የሌለበት ነው የሚፈልገው።"

ሜዳው ላይ ክሊት ወደ እናቱ ዞሮ ፈገግ አለ። ባዶውን ወንበር ከዚያ ርቀት ይየው አይየው እንጃ። ከዚያ ጣቱ ወደ ግራ አፍንጫው ሄደች። ኦርቪል ደብተሩን ዘጋና ጫማውን ማየት ጀመረ። የምትመጣዋን ኳስ ያውቃታል።

እንግዲህ ለጥርሶቼ ስል አንዲቷን ውሸት ልመልስ። ሃዘል ምንም አልጠየቀችም። ያቺን የኦቾሎኒ ጨዋታ የጨመርኳት እኔ ነኝ፣ ኦርቪል የሚመልሰው ነገር እንዲያገኝ ብዬ። እሷ ሁሉንም ሰምታለች። መሐረቧን አወጣችና ከባዶው ወንበር ላይ የኦቾሎኒ ቅርፊት ጠረገች። ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ፣ ንፋሱ ቅርፊት ባመጣ ቁጥር፣ መልሳ ጠረገች።