የዞረው ደመና

በረዶው የመኪናውን ጣሪያ እንደ መዶሻ ሲቀጠቅጠው ሾፌሩ አንገቱን ቀበረ እንጂ እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሳም። አጠገቡ የተቀመጠችው የአየር ጠባይ ባለሙያ ጡብ ፋብሪካው ጋ ለዘጠነኛ ጊዜ ደወለች። መስመሩ ጭጭ ብሏል። የሬዲዮውን ማማም መብረቅ ከመታው ቆይቷል።

ከሃያ ደቂቃ በፊት ኮረብታው ላይ ቆማ፣ አውሎ ነፋስ ያዘለው ደመና ወደ ምሥራቅ እያለፈ ነው ብላ ለመሥሪያ ቤቷ የነገረችው ራሷ ናት። መሥሪያ ቤቱም ቃሏን አምኖ የፋብሪካው ሠራተኞች ከተጠለሉበት ወጥተው ሥራቸውን እንዲቀጥሉ አስነገረ። ደመናው ግን ጥቂት ቆም አለና ወደ ደቡብ ዞረ። ፋብሪካው ያለው በደቡብ በኩል ነው።

«ጋሼ፣ እንቀድመዋለን?»

ሾፌሩ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው ሰው ነው። የእነሱ ሥራ ደመናን ከኋላ መከተል እንጂ ከፊቱ መሮጥ እንዳልሆነ አስታወሳት። ቀጥሎ ቀበቶዋን እንድታጠብቅ ነግሯት ማርሹን ቀየረ።

ኩርባው ላይ ጡጫ የሚያክል በረዶ የፊት መስታወቱን በርቅሶ ገባ። የሾፌሩ ቅንድብ ተተረተረ፤ ደሙ ዓይኑን ሞላው። ደሙን በእጅጌው እስኪጠርግ መሪውን እሷ ያዘችለት። ወዲያው የመብራት ምሰሶ ከፊታቸው ተገነደሰ። መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ በእርሻው ውስጥ እየዘለለ አለፈ።

የፋብሪካው በር ጠባቂ ሰካራሞች መስለውት ድንጋይ አነሳ። እሷ መኪናው ሳይቆም ወርዳ ግቢው መሐል ሮጠች። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ጡብ የሚደረድሩት ሠራተኞች ቀና ብለው አዩዋት።

«ምድጃው ውስጥ ግቡ! ዞሯል፣ እየመጣ ነው!»

አልፏል ተብለዋልና ማንም አልተነቃነቀም። ሾፌሩ ክላክሱን ተጭኖ አለቅም አለ። የሰሜኑ አጥር ከነምሰሶው ተነቅሎ ሲበር ግን ነገሩ ለሁሉም ገባቸው። ያን ቀን እሳት ወዳልነደደበት፣ ግድግዳው ሁለት ክንድ ወደሚወፍረው የጡብ መተኮሻ ምድጃ እየተገፈታተሩ ጎረፉ። ጣራው ከላያቸው ተገሽልጦ ተነሳ። አንዱ ቆርቆሮ የበር ጠባቂውን ጭን ሸረከተው። ሾፌሩ ተመልሶ ወጥቶ፣ ብብቱን ይዞ እየጎተተ አስገባው።

ውስጡ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር። ንፋሱ በምድጃው አፍ በኩል ጡብ ይወረውራል። የሠራተኞቹ አለቃ በስልኩ መብራት እየቆጠረ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ አርባ ሦስቱም አሉ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ቀድዳ የበር ጠባቂውን ጭን ጥፍር አድርጋ አሰረች።

ቀጥላ ወደ ባለሙያዋ መጣች። በእናቷ ዕድሜ ያለች፣ መዳፏ በጡብ የሻከረ ሴት ናት። ፊቷ ተንበርክካ ከፀጉሯ የመስታወት ስባሪ ትለቅም ጀመር።

«ቆይ ግን ልጄ፣» አለቻት፣ «አልፏል ብሎ ያስወጣን ማነው?»

ባለሙያዋ ለመዋሸት ጊዜ ነበራት።

«እኔ ነኝ።»

የሴትዮዋ ጣቶች ፀጉሯ ውስጥ እንዳሉ ቆሙ። ውጭ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

«ዝቅ በይ፣» አለቻት። «እዚህ ጋ ገና ስባሪ አለ።»