ዘጠኝ ቮልት ለአውራው

ሽቦ የቀለጠውን እርሳስ እፍ ብላ አቀዘቀዘችና የሳሙና ማስቀመጫውን ክዳን ገጠመች። «በቃ፣ አለቀ። አውራው በሕይወት ካለ አሁን እንሰማዋለን።»

«አፍሽን በዳቦ» አለች አክስቷ፣ ከቀፎው አጠገብ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች። ድምፅዋ ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው ድምፅ ነበር።

ሽቦ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ቅጥነቷና ሙያዋ ተባብረው የሰየሟት ነው። ሬዲዮና ስልክ ትጠግናለች። ዛሬ ሱቋን ዘግታ ዕቃዋን አክስቷ ፎቅ ጣሪያ ላይ የዘረጋችው ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ከሳምንት በፊት ንቡ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ አሮጌውን አውራ ይዞ እልም ብሏል። የቀረው አዲስ አውራ ከሌለው ቀስ በቀስ ያልቃል። አክስት ሁለቴ ከፍታ ፈልጋ አጣች፤ ዓይኗ እንኳን አውራ የመርፌ ቀዳዳም ካየ ቆይቷል። ታችኛው ቤት ያለው ንብ አርቢ፣ ሰፈሩ ጋሽ ጭስ የሚለው፣ እሱም አይቶ «የለም» ብሎ ፈርዷል። አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ የቀረውን ከራሱ ንብ ጋር ሊቀላቅለው ተስማምተዋል። አክስት አሥራ ሁለት ዓመት ያሳደገችው ንብ ነው። በዚያ ቤት ከዚህ ሌላ ጠዋት የሚያስነሳት ነገር የለም።

አዲስ አውራ ድምፅ ያሰማል ሲባል ሽቦ ከአንድ ደንበኛዋ ሰምታ ነበር። ከተጣሉ ዕቃዎች የበቆሎ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ማይክሮፎኖች ነቀለች፤ ንቡ በሰም እንዳይደፍናቸው በስስ ወንፊት ጠቅልላ ቀፎው ውስጥ ከተተቻቸው። እነዚህ ፍሬዎች የባትሪ ኃይል ካላጎረሷቸው አይናገሩም፤ ማዳመጫው የሚሰካባት የድምፅ መቅረጫዋ ደግሞ ማጉረስ አታውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ኃይሉን ቀንሶ የሚያጎርስ አንድ ሬዚስተር፣ የባትሪው ኃይል ወደ መቅረጫው እንዳያልፍ የሚከለክል አንድ ካፓሲተር፣ ለሁለቱም አንድ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ አሰናዳች። የባትሪውን አፍ የሚይዝ ማያያዣ ብታጣ ከሞተ ባትሪ ላይ አናቱን ገንጥላ ገመድ በየደችበት። ሁሉም ሳሙና ማስቀመጫው ውስጥ ገባ።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጭጭ።

«ምን አልኩሽ» አለች አክስቷ። «አውራው ሞቷል። የሞተ ደግሞ አያወራም።»

«እትዬ፣ አውራው ቢሞት እንኳን የሌላው ጫጫታ የት ሄደ? ደንቆሮው የእኔ ሣጥን ነው።»

ሰዓቱ አሥር ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ክዳኑን ከፈተች፤ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ነካካች። ሁሉም ደህና ነው። ሜትሯን አውጥታ ለካች። ዘጠኝ አለ። ከዘጠኙ ፊት ግን አንዲት ትንሽ ሰረዝ ነበረች፤ ሽቦ ያንን ሰረዝ ስታይ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ምን ሆንሽ?»

«ከሞተው ባትሪ አናት ላይ ካሉት ሁለት ጫፎች ፖዘቲቭ የሚል ምልክት ያለው ወንዴው ነው። አምኜው ቀዩን ገመድ በየድኩበት። ወንዴ የሚገጥመው ግን ከሴቴ ጋር ነው፤ የአዲሱ ባትሪ ሴቴ ደግሞ ነጌቲቭ ናት። ግልብጥ አድርጌ ነው የሠራሁት። ወንዴውን አምኜ ጉድ ሆንኩ!»

«አንቺ ብቻ መሰለሽ?» አለች አክስቷ፤ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቀች።

ሽቦ ሁለቱን ገመዶች ነቅላ አቀያየረቻቸው። ስትቸኩል የብየዳው ብረት ጣቷን አቃጠላት። ከታች የደረጃው በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

ማዳመጫውን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የመጣው እንደ ሩቅ ገበያ ያለ ሁካታ ነው፣ የሺህ ክንፍ ድምፅ። ከዚያ ከመካከሉ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ተነሣ፤ ረዘም አለ፣ ከዚያ አጠር አጠር እያለ ደጋገመ። ሁካታው በአንዴ ጸጥ አለ፤ ያ ሁሉ ሺህ ንብ ባለበት ደርቆ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከተዘጋ ቦታ እንደሚመጣ የታፈነ፣ ሌላ ድምፅ መለሰ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሽቦን ውርር አደረጋት። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያለ ዕቃ ስታናግር ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በጆሮዋ ገብቶ አያውቅም። ፈራች ማለት ይቻላል። ማዳመጫውን አውልቃ አክስቷ ራስ ላይ አጠለቀችላት።

አክስት ዓይኗን ጨፈነች። ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ሀገሩ ሰው ሁሉ አውራን «እሱ» ስትል የኖረች ሴት ናት።

«አለች» አለች።

ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አባቴ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ቀፎ ላይ እየለጠፈ ‹ይጠራራሉ› ይለን ነበር። ጃጀ ብለን እንስቅበት ነበር እኮ፣ ሽቦዬ።»

ጋሽ ጭስ ባዶ ሣጥኑን ተሸክሞ እያለከለከ ጣሪያው ላይ ወጣ። «እትዬ፣ ሳይመሽ እንጀምር እንዴ?»

አክስት ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። የማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ወደ እሱ ዘረጋችለት። ትልቁ ሰውዬ ሣጥኑን እንደታቀፈ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ከጉንጯ አስጠግቶ አዳመጠ።

«ይሄ... ምንድን ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«የወጣችው አውራ ትጣራለች። ሰሙ ውስጥ ታሽጋ ያለችው ትመልስላታለች።»

«ገና ያልተወለደችው?»

«ገና ያልተወለደችው።»

ጋሽ ጭስ ሣጥኑን እንዳያንኳኳ ተጠንቅቆ መሬት አስቀመጠና ማዳመጫውን ወደ ራሱ ወስዶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። «መልስ» ያለው ሰው ግን አልነበረም።