የሙሉእመቤት ቱቦዎች

ሱፊያን የራሱን ስላይድ በማይክሮስኮፑ ደግሞ አየና ራሱን ነቀነቀ። "የለም፣ እትዬ ሙሉ። እኔ ስሠራው አንድም ቱቦ የለም።"

"እስቲ እኔ ልሥራው" አለች ሙሉእመቤት፣ ጓንቷን እየሳበች።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ ያለው ክሊኒክ በሽተኞቹን ሸኝቶ ተዘግቷል። ላቦራቶሪው ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሙሉእመቤት ሰገራና አክታ ስትመረምር የኖረችው እዚሁ ነው። ጸጉሯ ከሸበተ በኋላ ማስተርስ ልማር ብላ ስትነሳ፣ አማካሪ ሆኖ የተመደበላት ሱፊያን ዕድሜው ከልጇ አይበልጥም። እሷ "ዶክተር" ትለዋለች፣ እሱ "እትዬ" ይላታል፣ ሁለቱም አንቱ ይባባላሉ። ማን የማን አስተማሪ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል።

ሐሙስ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት ታቀርባለች፤ ካለፈች በሳምንቱ ምርቃት ነው። ጽሑፉ እንደሚለው፣ ባክቴሪያዎች ከገላቸው ሽፋን እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ያወጣሉ፤ በዚያ በኩል የተራበው ከጠገበው ምግብ ይቀበላል። ሙሉእመቤት ይህን ነገር ትወደዋለች። ዓይን የማያየው ፍጡር እንኳ ጎረቤቱን አይረሳም እያለች ለሰው ሁሉ ስታወራው ከርማለች። ችግሩ፣ ቱቦዎቹ የሚታዩት እሷ በሠራችው ስላይድ ላይ ብቻ ነው። ፈታኞቹ ደግሞ "ሌላ ሰው ሠርቶ አይቶታል ወይ?" ማለታቸው አይቀርም።

ባክቴሪያ ያለበትን ጠብታ ስላይዱ ላይ አኖረች። ስሱን መስታወት ከደነችበትና በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በተገዛው ማይክሮስኮፕ ስታይ፣ ቀለም የጠጡት ባክቴሪያዎች አረንጓዴ በርተዋል፤ ቱቦዎቹም በመካከላቸው ተዘርግተዋል።

"ይኸው፤ ምን አልኩዎት?"

ሱፊያን የሚያየው ጣቷን ነበር። የሚናገረው ነገር እንዳለው፣ ግን ታላቁን ማሳፈር እንደከበደው ፊቱ ያሳብቃል። ወደ መስኮቱ ዞረ። ታች የታክሲው ረዳት "ስድስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ" ይላል።

ሙሉእመቤትም ጣቷን አየች። ለሰገራ ምርመራ ጠብታው እንዲሳሳ መስታወቱን መጫን ያስተማሯት ገና ሥራ ስትጀምር ነው። አሁን አሁን መጫኗንም አታውቀውም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ።

"ስለምጫነው ነው፣ አይደል?"

"ሊሆን ይችላል" አለ ሱፊያን ቀስ ብሎ። "ግን ሐሙስ ያቅርቡት። ላያነሱት ይችላሉ። ከተመረቁ በኋላ እናጣራዋለን።"

ሙሉእመቤት ሌላ ስላይድ ሳትጫን ሠራች። ባክቴሪያዎቹ ለየብቻቸው፣ ደህና ሆነው ተኝተዋል፤ ቱቦ የለም። ዓይኗን ሳትነቅል በመቆንጠጫ ጫፍ የመስታወቱን ጠርዝ ቀስ እያለች ተጫነች። የአንዱ ባክቴሪያ ጎን ፈነዳ። በፈነዳበት በኩል ሽፋኑ ተስቦ ወጣ፣ ቀጠነ፣ ረዘመ፣ ሄዶ ጎረቤቱ ላይ ተጣበቀ። የፈነዳው ራሱ ግን እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ።

ለካስ ስትወደው የከረመችው ነገር ጣር ኖሯል። አዘነች። ቢሆንም ዓይኗን ማንሳት አቃታት።

"ና፣ ና እየው፤ ሲወጣ እየው" አለችው። አንቱታውን ረስታዋለች።

ሱፊያን አጎንብሶ ብዙ ቆየ። "ይሄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ እትዬ" አለ ቀና ሲል። "ግን ከሥር መጀመር ነው። ዘንድሮ አይደርስም።"

"ታዲያ ሲሞቱ እያየሁ፣ ሐሙስ ቆሜ ይጎራረሳሉ ልበል?"

ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች። "ፈቀደ፣ ምርቃቱ ለከርሞ ሆኗል።"

ፈቀደ የአራዳ ልጅ ነው። "ምነው፣ ባክቴሪያዎቹ ተጣሉ እንዴ?" አላት።

"የሚረዳዱ መስሎኝ እየሞቱ ነበር። የምገላቸውም እኔው ነኝ።"

ከጀርባው በግ ይጮሃል።

"ይሄንን ምን ላርገው ታዲያ?" አለ ፈቀደ። "አሁን ገዝቼ በር ላይ መድረሴ ነው።"

ሙሉእመቤት ስልኩን በትከሻዋ ይዛ አዲስ ስላይድ ወደ ራሷ ሳበች።

"ሣር ግዛለት" አለችው።