ክሳት

ሐኪሙ «በዚህ ክብደት ልብህ አይዘልቅም» ካለው ወዲህ ቅቤና ጥሬ ሥጋ እርም አለ። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ይሮጣል፤ ማታ ጎመኑን በልቶ ይተኛል። ዓመት ሳይሞላው ቦርጩ ጠፋ፤ የደም ግፊቱም ወረደ። ደስ ቢለው እናቴ ትየኝ ብሎ ደብረ ታቦር ሄደ።

እናቱ በር ላይ አገላብጣ ስማው ትከሻውን ዳበሰች።

«እማዬ፣ እንዲህ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም» አላት።

«እሰይ የኔ ጌታ» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ግባና ጋደም በል፤ መጣሁ።»

በመንገዱ ድካም እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ጎረቤቱ ሁሉ በዝምታ ከቦታል፤ የእናቱ ነፍስ አባት አባ ተክለ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌው ቆመዋል።

«ልጄ» አሉት ዝግ ብለው፣ «እናትህ እንዳትደነግጥ ብለህ መደበቅህ ደግ ነው። በል፣ ለእኔ ግን ተናዘዝ።»