የጋሽ ደሴ ዓሦች ቁጥር

ሜላት የወረዳው የዓሣ ባለሙያ ናት፤ ኮንትራቷ ሰኔ ላይ ያልቃል። ዛሬ ደግሞ ከባሕር ዳር ቁጥር አጣሪ መጥቶባታል።

የአጣሪው ስም ስማቸው ነው። በሪፖርት አያምንም። በየሄደበት ወረቀት ላይ የረባውን ዓሣ ውሃው ውስጥ እያጣ ነው የኖረው። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቁጥር እንኳ ገጥሞለት አያውቅም።

የሜላት ሪፖርት «አቶ ደሴ፣ ስድስት መቶ ቆሮሶ» ይላል። ዓሦቹን ግን አልቆጠረቻቸውም። ጋሽ ደሴን ስትጠይቃቸው «ሦስት መቶ ቢሆን ነው» አሏት። ዕቅዱ ስድስት መቶ ስለሚል እጥፍ አድርጋ ጻፈችው። ውሸቷ ዛሬ ከተጋለጠ ኮንትራቱን ትርሳው።

መኪናዋ ከኮሶበር ከተማ ወጥታ፣ ዘንገና ሐይቅን አልፋ ጋሽ ደሴ ደጅ ቆመች። አጥሩ ጥግ አራት ፈረሶች የገብስ ገለባ ይበላሉ። ከቤቱ በታች ባለው ትንሽ ግድብ ላይ በቀርከሃ የተወጠረ መረብ ተንሳፍፏል፤ ባለሙያዎቹ ኬጅ የሚሉት ይህንኑ ነው።

«ጋሽ ደሴ፣ ዓሦቹ ሊቆጠሩ ነው» አለች ሜላት።

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «ኧረ በስመ አብ! ነፍስ ያለው ነገር ይቆጠራል እንዴ፣ ልጄ? ይልቅ ምሳ ብሉ። ሸጋ ዓሣ እየጠበሰች ነው።»

ሸጋ ማለት ሚስታቸው ናት። ስማቸው ፈገግ አለ። የምሳውን ዘዴ ያውቃታል፤ ኬጁ ባዶ የሆነበት ሁሉ ምሳ ይጋብዘዋል።

«መጀመሪያ መረቡ ይነሣ» አለ።

ዓሦቹን ከመረብ ወደ መረብ እያዛወሩ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ስማቸው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ጋሽ ደሴ ጆሯቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። ሦስት መቶ ሲደርስ ሜላት ዓይኗን ጨፈነች።

«ሦስት መቶ አንድ» አለ ስማቸው።

ሜላት ዓይኗን ገለጠች።

«አምስት መቶ ዘጠና ስምንት!» ብሎ ጨረሰ። «ሁለት ጎደለ።»

«እነሱማ መጥበሻው ላይ ናቸው» አሉ ጋሽ ደሴ።

ስማቸው ደስታውን መደበቅ አቃተው። የሜላትን እጅ ጨብጦ አልለቅ አለ። «እንዲህ ያለ የታመነ መረጃ አይቼ አላውቅም! ኮንትራትሽ እንዲታደስ ራሴ እጽፍልሻለሁ።»

ሜላት ወደ ጋሽ ደሴ አየች። ጋሽ ደሴ ወደ ውሃው አዩ።

ከምሳ በኋላ አንድ ቅጽ ቀረ፤ የጋማ ከብት ብዛት። ስማቸው ለሜላት አቀበላትና «አንቺ ሙዪው፤ የአንቺን ቁጥር አምናለሁ» አላት።

«ስንት ፈረስ አለዎት፣ ጋሽ ደሴ?»

«ሁለት ቢሆን ነው።»

ሜላት ቀና ሳትል «አራት» ብላ ጻፈች።